ወር የቀደመው ጠላ

አንባቢ ሆይ፣ ከቀን መቁጠሪያ ጋር የተጣላ ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? ካላጋጠመዎት እኔን ይመልከቱ። ሐኪም የትኩረት ችግር አለብሽ ብሎኛል፤ እኔ ግን ጸጋ ነው እላለሁ። ማስረጃም አለኝ።

እዚህ ደባርቅ በምንጠጣው የማርያም ማኅበር ተራዬ የካቲት ሆኖ ሳለ፣ ጠላውን በጥር ጠመቅሁት። ስህተቴን ያወቅሁት የጥር ባለተራ የሆነችው ጎረቤቴ ዘነበች እያለቀሰች ስትመጣ ነው።

«እትዬ፣ ጠላዬ በዚህ ብርድ አልፈላ አለኝ! ነገ ለማኅበርተኛው ምን ላቀርብ ነው?»

የጠላ ጋኔን ከፍቼ አሳየኋት።

«እሰይ! ቀኑን ቢያውቁት ኖሮ እኮ ጉድ ሆኜ ነበር!»

ጠላው ወደ ቤቷ ሄደ፤ ማኅበሩም ጠጥቶ መረቃት። እኔም በኩራት ሰዓት አክባሪዎችን ሁሉ ማስተማር ጀመርሁ፤ ጊዜን የማያውቅ ሰው ጊዜን ይቀድማል አልኋቸው። ማን ይከራከረኛል?

የካቲት ማርያም ደረሰች። ከጠመቅሁ ዘንዳ ተራዬ ያለፈ መስሎኝ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ዘነበችን ልጠራት ሄድሁ።

«ተነሽ እንጂ፣ እንዳናረፍድ! የዛሬዋ ባለተራ ማን ናት?»

ዘነበች አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«አንቱ ነዎት እትዬ! ማኅበርተኛው እኮ ደጅዎ ላይ ቆሟል!»

ፍረዱኝ፤ በተባለበት ቀን የሚመጣ ምን ዓይነት ሰው ነው?