የሻገቱት እሜቴ ምስክርነት

ማታ ሕልም አይቻለሁ፤ ማንም እንዳይፈታልኝ።

ሥራዬ ጭቃ ማየት ነው። ከከተማችን ዳር ካለው ረግረግ ሥር ጥንታዊ ጭቃ እናወጣለን፤ እኔ በውስጡ ደርቆ የቀረውን የሻጋታ ዘር በማይክሮስኮፕ እፈልጋለሁ። ውሃ ውስጥ በቆመ ተክል ላይ ብቻ የሚበቅለውን ሻጋታ ካገኘሁ፣ ቦታው ያኔም ረግረግ ነበር ማለት ነው። አግኝቻለሁ። አለቃዬ አቶ ዳምጠው ግን ቦታው ተደልድሎ ሕንፃ ሊሠራበት ስለሆነ፣ «ከጥንትም ደረቅ መሬት ነበር ብለሽ መስክሪ» ብለውኛል። እምቢ ካልኩ እባረራለሁ።

በሕልሜ የማይክሮስኮፕ መስታወት ላይ ተጋድሜ ነበር። አንዲት ግዙፍ አሮጊት ሻጋታ፣ መነጽር አድርጋ፣ ቁልቁል ታየኛለች። ሁሉም «የሻገቱት እሜቴ» እያለ እጅ ይነሳል። እዚያ አገር መሻገት ማዕረግ ነው። እኔም አንቱ አልኳቸው።

በሩ ተከፈተና አንድ እንቁራሪት ከረባቱን እያስተካከለ ገባ። አቶ ዳምጠው ቦርሳውን ተሸክመው ይከተሉታል።

«እሜቴ፣ ከተማውን በውሃ ልንሞላው ነው» አለ እንቁራሪቱ። «እዚህ ሰው ኖሮ አያውቅም ብለው ይመስክሩልን።»

«ይቺሳ?» አሉ እሜቴ ወደ እኔ እየጠቆሙ።

«እሷ እድፍ ናት። መስታወቱ ሳይጠረግ ቀርቶ ነው።»

ደሜ ፈላ። «ሰው ነኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ክፍሉ ሸንጎ ሆነ። የከተማው ሕንፃዎች ጣራቸውን አውልቀው፣ በብብታቸው ይዘው ቆመዋል። ሸንጎውን የሞሉት እንቁራሪቶች ለባለከረባቱ አጨበጨቡ። አቶ ዳምጠውም የሚሰጥመው የራሳቸው ቤት መሆኑን እያወቁ አብረው አጨበጨቡ።

«እሜቴ፣ ይናገሩ እንጂ!» አለ ባለከረባቱ።

አሮጊቷ ቀስ ብለው ተነሡ። «አልልም» አሉ። «ሰው አይቻለሁ። ሲያዩት ደስ አይልም፣ ይጮሃል፣ ግን ነበረ። የነበረን ነገር አልነበረም ብዬ ከምኖር ተመልሼ ጭቃ ውስጥ ብቀበር ይሻለኛል።»

እንባዬ መጣ። ልስማቸው ስነሣ ስልኬ ጮኸ።

ነቃሁ። አቶ ዳምጠው ነበሩ፤ እውነተኛው።

«ትርንጎ፣ የት ነሽ? የመሠረት ድንጋዩ ሊቀመጥ ነው። ድንኳኑ ተተክሏል፣ እንግዶቹ ገብተዋል፣ ቄጠማም ጎዝጉዘናል። ደረቅ ነው ብለሽ ሁለት ቃል ተናግረሽ ትወርጃለሽ።»

«ቄጠማውን ከየት አስመጡት?»

«ከየት ይመጣል? ከዚያው ከቦታው አሳጨድነው እንጂ! አጫጆቹ እስከ ጉልበታቸው ሰምጠው ስንጎትታቸው አመሸን።»

«መጣሁ» አልኳቸው። «የማይክሮፎኑን ድምፅ ከፍ ያስደርጉልኝ።»