ራሱ ባረቀቀው ሕግ የተፈረደበት ሰው

የሰው ልጅ ጠባይ የሚያምረው ከሞተ በኋላ ነው። ያውም ወረቀት ላይ። እዚህ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ፣ ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ፤ «ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ» የሚለውን እንደ ጨው ሁሉም ላይ እነሰንሳለሁ። እስካሁን ከተጻፈላቸው አንድም ቅር ያለው የለም።

ጋሽ መርሻ ግን በሕይወት እያሉ አዘዙኝ። አዲስ አበባ ጠበቃ ነበሩ፤ ዳውንታውን ዴንቨር ፓርኪንግ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ሰኞ የልብ ኦፕሬሽን ነበራቸው። ረቂቄን አነበቡና «ይሄ ማነው?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት እንጂ!»

«እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም» ብለው ከላይብረሪ የተዋሱትን መጽሐፍ ገፉልኝ። «እንደዚህ ጻፍልኝ።»

ገልጬ ባየው የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካዊ ጠበቃ ታሪክ ነው። ሰውየው በበሬ ጋሪ ኮሎራዶ ገባ። ሕግ የተማረው የሌላ ጠበቃ ቢሮ እየጠረገ ነው። (ዳውንታውን ቢሮ የምትጠርጉ፣ ልብ በሉ።) የምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠና የመስኖ ውሃ መስረቅን የሚከለክል ሕግ አረቀቀ፤ ብዙም ሳይቆይ የጎረቤቱን ውሃ ወደ ራሱ ማሳ ሲጠልፍ ተያዘ፤ በዚያው ሕግ ተፈረደበት። እንደገና ተወዳደረ፣ ተሸነፈ። ከዚያ ሞተ። አለቀ! አንድ «ደግ» የለ፣ አንድ «ደራሽ» የለ። እንዲህ ተጽፎበት ቤተሰቡ ንፍሮው እንዴት ወረደለት? ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጽሐፉን ስዘጋ ሰውየውን መንገድ ላይ ባገኘው የምለየው መሰለኝ።

«እና እርስዎ ምን ሰረቁ?» አልኳቸው።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሚስቴን ወንድም ግርማን ታውቀው የለ፣ እዚሁ አጠገባችን ሊትልተን የሚኖረውን? አዲስ አበባ በቤት ክርክር ሲሸነፍ ጠበቃው እኔ ነበርኩ። ዳኛው ጉቦ በልቶ ነው አልኩት። እኔ ነኝ ቀጠሮውን ረስቼ የቀረሁት። ይሄንን ጻፍ፤ ስሞት ይስማው።»

«አሜሪካዊው እኮ የተፈረደበት በቁሙ ነው» አልኳቸው። ለእውነት ተቆርቁሬ አይደለም፤ ጋሽ ግርማ ምን እንደሚሉ ለማየት ጓጉቼ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ ጋሽ መርሻ ያጻፉኝን ወረቀት በገዛ እጃቸው ለጋሽ ግርማ ሰጧቸው። ጋሽ ግርማ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፣ አጠፉትና ኪሳቸው ከተቱት።

«እንኳን ቀረህ!» አሉ። «የሰጠሁህ የቤት ሰነድ ፎርጅድ ነበር። ብትቀርብ ኖሮ ሁለታችንም እንታሰር ነበር።»

«አንተ ቀጣፊ! ይሄን ሁሉ ዓመት ዓይንህን ማየት እየፈራሁ…» ነርሷ አልጋውን እየገፋች ወሰደቻቸው። ስድባቸው እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ይሰማን ነበር።

ኦፕሬሽኑ ተሳካ። የቸገረኝ ይህ ነገር በየትኛቸው የሕይወት ታሪክ እንደሚገባ ነው። ሁለቱም ደህና ናቸው፤ እኔም አልቸኩልም።