የደሴ መኪና ምንም አልሆነችም

የገዛውን ዕቃ ነውር አምኖ የማይቀበል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ ወረታ ድረስ ብቅ በሉና ጎረቤቴን ደሴን ተዋወቁልኝ። ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና ከገዛ ወዲህ ባትሪዋ ያልከዳው ሳምንት የለም። እሱ ግን ሞቶ ይገኛል እንጂ ተበላሸች አይልም። መንገድ ላይ ቀጥ ስትል "ደክሟት ነው፤ ትንሽ ትረፍ" ይላል። ቻርጅ ሲያደርጋትም እስክትሞላ አይጠብቅም። ለምን ብትሉት፣ እርጥብ ሣር እንዳገኘ በሬ ሆዷ እንዳይነፋ ነዋ!

ባለፈው ለወንድሙ ልጅ ሚስት ልንጠይቅ ነጭ ጋቢያችንን ደርበን በዚችው መኪና ወደ ሐሙሲት ተነሣን። ከተማዋ መግቢያ ላይ ስንደርስ ቆመች። ትረፍ ብለን ጠበቅናት፤ አረፈች፣ አልተነሣችም። የሩዝ ማሳውን ሲያርስ የነበረ አንድ ገበሬ አዘነልንና በሬዎቹን ከሞፈሩ ፈትቶ ቀንበሩን በገመድ ከመኪናዋ ጋር አሰረው። እኛም ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ውስጥ ተኮፍሰን፣ እየተጎተትን ከልጅቱ ቤት ደጃፍ ደረስን።

ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥምና ቆመን ጠየቅን። የልጅቱ አባት ግን ዓይናቸው ከበሬዎቹ ላይ አልነቀል አለ። ከብት የሚያውቁ ሰው ናቸው።

"ልጄን ሰጥቻለሁ፤ ተቀመጡ" አሉ በመጨረሻ። "ለሠርጉ ስትመጡ ግን መኪናዋን ተዉአትና በሬዎቹን ብቻ ይዛችሁ ኑ።"

ሁላችንም ሳቅን። ደሴ ብቻ ቅር ብሎት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣

"እስከ ሠርጉ እኮ ይሻላታል" አለኝ።