ለሽኮኮ የተደረገ ድጋፍ

ተረት ልንገራችሁ፤ የምታውቁትን ሰው ከመሰላችሁ ጥፋቱ የእኔ አይደለም።

ድሮ በአንድ ጫካ ውስጥ የአራዊት ኮሌጅ ነበር። ከሩቅ ገደል አገር የመጣች አንዲት ሽኮኮ እዚያ ትማር ነበር። አብረዋት የመጡት የገደሉ ልጆች ከፊሎቹ በረሃብ፣ ከፊሎቹ በናፍቆት አቋርጠው ተመልሰዋል። እሷ ግን ጥርሷን ነክሳ ቆየች። የቀራት የመጨረሻው ፈተና ብቻ ነበር፤ እሱን ካለፈች አስተማሪ የሌለው ገደል አስተማሪ ሊያገኝ ነው።

የጫካው ሹማምንት የልጆቹ ማቋረጥ እንቅልፍ ነሳን አሉና የገጠር ወጣቶችን የሚደግፍ ኮሚቴ አቋቋሙ። ሰብሳቢው ካባው ከትከሻው የማይወርደው ጉሬዛ ሆነ። ኮሚቴው እጅግ ደከመ። ማኅተም አስቀረጸ፤ በሻይ ዕረፍት ሾላ ይቅረብ ወይስ ዋንዛ በሚለው ላይም በሰፊው ተወያየ። ሽኮኮ የምትበላው አልቆባት በራቸውን ብታንኳኳ፣ «ስለ አንቺ ስብሰባ ላይ ነን፤ ሌላ ቀን ነይ» ተባለች።

በፈተናው ዕለት ጠዋት ጉሬዛ እያለከለከ መጣ።

«ልጄ፣ ታላቁ ጉባኤ ዛሬ ነው። እንግዶቹ ጸንታ የተማረች የገጠር ልጅ ማየት ይፈልጋሉ።»

«ጋሼ፣ ፈተና አለብኝ እኮ!»

«አምስት ደቂቃ ናት። በእንግዳ ፊት ልታዋርጂን ነው?»

ሽኮኮ ታላቅን እምቢ ማለት ነውር ነው ተብላ ያደገች ናት። እያዘነች ተከተለችው።

የመክፈቻ ንግግሩን ጅብ አደረገ። ስለ ትምህርት ጥቅም ሲናገር እንባ ተናነቀው። ቀጥሎ ጅብን የሚያመሰግን ሌላ ንግግር መጣ። ሽኮኮ ተራዋ ደርሶ «መጽናት ይቻላል» ስትል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ ደግሞ ፎቶ ተነሡ።

እየሮጠች ኮሌጁ ስትደርስ በሩ ተዘግቷል።

«ሰዓቱ አልፏል» አላት ፈታኙ ከርከሮ። «የት ነበርሽ?»

«ኮሚቴው ጠርቶኝ።»

«የምን ኮሚቴ?»

«ትምህርቴን እንድጨርስ የሚደግፈኝ።»

ከርከሮ እንኳ አፈረ፤ በሩን ግን አልከፈተም። ሽኮኮ ጓዟን ሸክፋ እያለቀሰች የገደሏን መንገድ ያዘች። ጉሬዛ ከኋላ ደረሰባት።

«አይዞሽ ልጄ! የሚቀጥለው ጉባኤ የገጠር ወጣቶች ለምን ያቋርጣሉ በሚል ርዕስ ነው። ተናጋሪ አጥተን ነበር፤ ትመጫለሽ አይደል?»

ሽኮኮ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ታላቅን እምቢ አለች።

«አልመጣም ጋሼ። ታናሽ እህቴ በመጪው ዓመት ኮሌጅ ትገባለች። ከወደዱኝ አንድ ነገር ያድርጉልኝ፤ እሷን አይደግፏት።»