«የአለበል ቤት» የሚባሉትን ሁለት ዋይፋዮች ለመለየት የተቀመጠ የቤተሰብ ጉባኤ

ቀን፦ ረቡዕ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም
ቦታ፦ ፍኖተ ሰላም፣ የሟች አቶ አለበል ቤት ሳሎን፣ አሮጌው የዋይፋይ ሣጥን በተቀመጠበት በቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት
የተጀመረበት ሰዓት፦ ለ6 ሰዓት ተጠርቶ 6፡40

የተገኙ
1. አቶ ስመኘው አለበል፦ የቤቱ ታላቅ ልጅ፣ በጡረታ ላይ ያሉ የትምህርት ሱፐርቫይዘር። ማንም ሳይመርጣቸው ሰብሳቢ።
2. አቶ እጅጉ አለበል፦ ታናሽ ወንድማቸው፣ የጅጋ እህል ነጋዴ። አዲሱን ዋይፋይ የገዙ፤ ይህንንም በስብሰባው ደጋግመው ያስታወሱ።
3. ወ/ሮ አቻምየለሽ አለበል፦ እህታቸው፣ የሳሌም እናት።
4. ወ/ሮ ወለተጊዮርጊስ፦ የሟች ባለቤትና የቤቱ እመቤት። ሐሳብ እንዳላቸው አልተጠየቁም።
5. ሳሌም ባንተአምላክ፦ የልጅ ልጅ፣ ጉዳይ አቅራቢ።
6. ባንተአምላክ ታደለ፦ የሳሌም አባት፣ የወረዳ ሠራተኛ፣ ፀሐፊ። አማች ስለሆነ ድምፅ የለውም።

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ አቶ እጅጉ፣ ሟች አባታቸውም እንደተገኙ እንዲቆጠር ጠየቁ። ስማቸው በሁለት ዋይፋይ እየተጠራ ቀሩ ማለት ነውር ነው አሉ። ሰብሳቢው ሐሳቡን በምስጋና ተቀብለው፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲቆጠሩ ወስነዋል።

አጀንዳ አንድ፦ ችግሩን ስለመረዳት

ሳሌም እንዳስረዳችው፣ አያቷ በሕይወት ሳሉ ያስገቡት አሮጌው ሣጥን «የአለበል ቤት» ይባል ነበር። ባለፈው ወር አቶ እጅጉ ለግቢው ሁሉ የሚዳረስ ሦስት ሣጥን ያለው አዲስ ዋይፋይ ከባሕር ዳር ገዝተው አመጡ፤ የኢንተርኔቱም መስመር ወደ አዲሱ ዞረ። ነገር ግን አቶ ስመኘው የአባታቸው ስም እንዳይጠፋ አዲሱም በዚያው ስምና በዚያው የይለፍ ቃል እንዲጠራ አዘዙ። አሮጌው ሣጥን ደግሞ እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ ከቦታው እንዳይነሳ፣ መብራቱም እንዳይጠፋ ከለከሉ።

«ስልክ ስሙን እንጂ ሣጥኑን አይለይም» አለች ሳሌም። «በሳሎንና ከሳሎን ቀጥሎ ባለው ክፍል ቅርቡን ይይዛል። ቅርቡ ደግሞ መስመር የለውም።»

ልጅቱ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ዛሬ 8 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ የሥራ ቃለ መጠይቅ አለባት። በር ያለው ጸጥተኛ ክፍል ያው ከሳሎን ቀጥሎ ያለው ብቻ ነው፤ የስልክ ዳታም በግቢው አይይዝም። ስብሰባውም የተጠራው ለዚሁ ነበር።

ሰብሳቢው በምላሻቸው፣ በፋሲካ ዕለት አሮጌውን ሣጥን ያለ ፈቃድ ለምን እንደነቀለች ጠየቁ። ሳሌም «ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሲነቀል ግን ሠርቶ ነበር እኮ» አለች። ሰብሳቢው፣ ጥያቄው የመሥራት አለመሥራት ሳይሆን የሥርዓት መሆኑን በአጽንኦት ገልጸዋል።

አጀንዳ ሁለት፦ ስም ስለማውጣት

አቶ እጅጉ አዲሱ «የእጅጉ ቤት» ይባል፣ የገዛሁት እኔ ነኝ አሉ። ወ/ሮ አቻምየለሽ «የአባታችን አፈሩ ሳይደርቅ!» ብለው ተቃወሙ። ሰብሳቢው አማካይ መንገድ ነው ያሉትን አቀረቡ፤ አዲሱ በአባታቸው የክርስትና ስም «ገብረ ሕይወት» ይባል።

ወ/ሮ አቻምየለሽ «የክርስትና ስም እኮ ቄስ በጸሎት የሚያነሳው ነው! ልጆች ቲክቶክ ይዩበት?» ሲሉ ተቆጡ። አቶ እጅጉ እንግዲያው አሮጌው «ገብረ ሕይወት» ይባል፣ ምንም ስለማያሳይ ኃጢአት የለበትም አሉ። በዚህ ላይ ሰፊ ውይይት ተደረገ። ሳሌም ሰዓቱ እየሄደ ነው ስትል እጅ አውጥታ እንድትናገር ተነገራት። እጇን አወጣች። ተራ ያዢ ተባለች።

አጀንዳ ሦስት፦ ውሳኔ

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወስኗል (ሟች እንደደገፉ ተቆጥሯል)።

ሀ. ሁለቱም ሣጥኖች እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ ስማቸውን ይዘው እንዲበሩ፤
ለ. ወደ ሳሎን የሚገባ ሰው ስልኩን በር ላይ እንዲያጠፋ፤
ሐ. ቃለ መጠይቁ ከሙት ዓመቱ በኋላ፣ ሐምሌ ላይ እንዲሆንላት ሳሌም ለድርጅቱ በአክብሮት እንድትጽፍ።

ሳሌም አለቀሰች። ፀሐፊው እጁን አወጣ። አማች ስለሆነ አልታየም። ፀሐፊው በጣም ተናዶ ነበር፤ አስተያየቱ ስላልተጠየቀ ግን አልተመዘገበም።

ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው ሊዘጉ ሲሉ ወ/ሮ ወለተጊዮርጊስ መናገር እፈልጋለሁ አሉ። ቃላቸው እንዲህ ነው፦

«ልጆቼ፣ የአለበል ቤት ሁለት መሆኑ ለእናንተ ነው አዲስ። ቡሬ ሌላ ቤት ነበረው። እናንተ እንዳታፍሩ ብዬ ስችል ኖርሁ። እሱ እዚያ ሲከርም፣ እዚህ ስሙ ብቻ ነበር የሚቀር። ሰው ሁሉ የአለበል ቤት፣ የአለበል ቤት ይላል፤ ገብተው ቢያዩ አለበል የለም። ይች ልጅ ዛሬ የምታለቅስበትን እኔ ዕድሜዬን አልቅሸበታለሁ።»

ሰብሳቢው ይህ በቃለ ጉባኤው እንዳይገባ አሳሰቡ። ወ/ሮ ወለተጊዮርጊስ «ይጻፍ» አሉ። ተጽፏል።

ከዚያም ተነሥተው የትኛው ነው ብለው ሳሌምን ጠየቁና አሮጌውን ሣጥን በገዛ እጃቸው ነቀሉት። ሰብሳቢው «እማዬ፣ ሙት ዓመቱስ?» ሲሉ «ባለ ሐዘኗ እኔ ነኝ። ሙት ዓመቱን በጠላና በዳቦ አወጣለታለሁ፤ በሣጥን አይደለም» ብለዋል። ገመዱን ጠቅልለው ከሟች ፎቶግራፍ ሥር አስቀመጡት። የሳሌም ስልክ ወዲያው አዲሱን ያዘ።

ሳሌም ዓይኗን እየጠረገች፣ የአዲሱ ስም ይቀየር እንደሆነ ጠየቀች።

«ይቆይ» አሉ ወ/ሮ ወለተጊዮርጊስ። «አሁን እንኳ አንድ ቤት ይግባ።»

በዚህም መሠረት ከሀ እስከ ሐ የተወሰኑት ሁሉ ተሽረዋል። የሻረው ማን እንደሆነ ሰብሳቢው ሲጠይቁ እጅ አውጥተው እንዲናገሩ ተነገራቸው።

ጉባኤው 7፡56 ላይ ተበትኗል። ሳሌም በሩን ዘግታ ገብታ ስለነበር የተበተነው በሹክሹክታ ነው፤ ቃለ ጉባኤውም በዚሁ ምክንያት ተነብቦ አልጸደቀም። ከግድግዳው ወዲያ «ጤና ይስጥልኝ፣ አዎ፣ በደንብ ይሰማኛል» ስትል ስለተሰማች፣ ፀሐፊው መጻፉን ትቶ ማዳመጥ ጀምሯል።