ክቡር አማካሪና የጋለው ገመድ

በዚህ ዓለም ላይ አንድ ሰው ክዳን ከከፈተ፣ የመኪና ይሁን የውሃ ቆጣሪ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከጀርባው የሚቆም ሌላ ሰው አይጠፋም። ማንም አልጠራውም። መፍቻ አይዝ፣ እጁ አይቆሽሽ፤ ሥራው ማየትና አስተያየት መስጠት ነው። የእኛ ሆስፒታል ግቢ ያበቀላቸውን ሽማግሌ እኔ በልቤ «ክቡር አማካሪ» ብዬ ሾሜያቸዋለሁ።

እኔ ሹፌር ነኝ። መኪናዬ ግን መኪና ለመባል ትንሽ ይቀራታል፤ ጎልፍ ተጫዋቾች ሜዳ ላይ የሚንሸራሸሩባት ዓይነት፣ በባትሪ የምትሄድ፣ በር የሌላት ነገር ናት። ከበሩ እስከ ላይኛው ሕንፃ ያለውን ዳገት መውጣት ያቃታቸውን ሕመምተኞች አመላልስባታለሁ። ጠጋኟም እኔው ነኝ። የምስክር ወረቀት የለኝም፤ ድፍረት ግን ሞልቶኛል።

አንድ ሰኞ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ዳገቱን እንደጨረስን፣ «ተባረክ ልጄ፣ ወንበሩ እንዴት ደስ የሚል ሙቀት አለው!» አሉኝ። አሜን ብዬ ምርቃቱን ተቀበልኩ። ካወረድኳቸው በኋላ ወንበሩን ብድግ ሳደርገው፣ ከስሩ ባትሪዎቹን እርስ በርስ ከሚያገናኙት ወፋፍራም ገመዶች አንዱ እንደ ካውያ ግሏል። የፕላስቲክ ልባሱ መቅለጥ ጀምሯል። ሴትዮዋ ሳይጠበሱ የተረፉት ለጥቂት ነው።

የግቢው ኃላፊ ነገሩን ሲሰሙ ንግግር አላበዙም። «እስከ አርብ ካልተስተካከለች ከግቢ ትወጣለች። በሽተኛ ላይ እሳት አላስነሳም።»

ገና ጎንበስ ከማለቴ ክቡርነታቸው ከኋላዬ ከች አሉ።

«እኔ ምን አገባኝ፤ ግን የቱ ጋ ነው የሚግለው? መሃሉ ነው ጫፉ?»

«ገመድ ገመድ ነው ጋሼ» አልኳቸው፣ እንደ ፕሮፌሰር።

ገመዱን በአዲስ ቀየርኩት። አዲሱም ጋለ። ጭነት በዝቶ ነው ብዬ ተሳፋሪውን ከአራት ወደ ሁለት ቀነስኩ፤ ወረፋው በሩን አልፎ መንገድ ላይ ወጣ፣ ገመዱ ግን ግለቱን አልተወም። ቻርጀሩን ከሰስኩ። ፀሐዩን ከሰስኩ። ረቡዕ ዕለት ክቡርነታቸው እንደገና መጥተው «እኔ ምን አገባኝ፤ ግን…» ሲሉ፣ «እውነትዎን ነው፣ ምን አገባዎት!» ብዬ ጮህኩባቸው። አልሄዱም ግን።

የሥራ መውጫ ሰዓት ሲቃረብ ተስፋ ቆርጬ፣ አንገቴን ደፍቼ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?»

«ዳገቱን አንዴ ወጥተህ ና። ከዚያ ጫፉንና መሃሉን ለይተህ ዳስ።»

ወጥቼ መጣሁ። መሃሉ ለብ ብሏል፤ አንዱ ጫፍ ግን እጅ አያስነካም። ገመዱ ከባትሪው የሚታሰርበትን ዳዶ ብነካው በጣቴ ዞረ። ስሩ ደግሞ ነጭ ዝገት ጋግሯል። አዲሱን ገመድ በገዛ እጄ ዝገቱ ላይ አስሬው ኖሯል፤ ያውም አላልቼ! የሚያግለው ገመዱ ሳይሆን ማሰሪያው ነበር። ፈታሁት፣ በሶዳና ውሃ አጠብኩት፣ በብረት ብሩሽ ፈተግኩት፣ አድርቄ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ሦስት ጊዜ ዳገቱን ወጣሁ። ገመዱ ቀዝቃዛ ነው።

«አላልኩህም?» ይሉኛል ብዬ አንገቴን ሰበርኩ። እሳቸው ሰዓታቸውን አዩና «ልሂድ፣ ሰዓቱ ደርሷል» ብለው ወደ ላይ አዘገሙ።

አርብ ኃላፊው ራሳቸው ተሳፍረው ዳገቱን ወጡና፣ ገመዱን ዳስሰው «ትቆይ» አሉ። በደስታ ለአንዲት ሲስተር እየተረኩላት፣ «ሰውዬው ግን ሥራ የላቸውም እንዴ?» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። «ባለቤታቸው እኮ ኩላሊት እጥበት ላይ ናቸው። በሳምንት ሦስቴ፣ አራት አራት ሰዓት። አብሮ መግባት አይቻልም። አንተ አይደለህ እንዴ የምታወጣቸው? ዝምተኛዋ፣ ግራጫ ሻርፕ የሚያደርጉት።»

አወቅኳቸው። ሁልጊዜ የሚቀመጡት እዚያው ወንበር ላይ ነው፤ ያ ገመድ ከስሩ ባለበት። እኔ ደግሞ ሰውየውን ምን አገባዎት ብያለሁ።

ከዚያ ወዲህ በእጥበቱ ቀን የማልፈታው ነገር የለም። ትናንት ምንም ያልሆነ ጎማ ፈትቼ፣ አጠገቤ በርጩማ አስቀምጬ ጠበቅኳቸው። መጥተው ተቀመጡ። ባለቤታቸው እጥበታቸውን እስኪጨርሱ አራት ሰዓት ሙሉ እየተሳሳትኩ አስተካከሉኝ። ግማሹን ስህተት ሆን ብዬ ነው። ሌላውን ግማሽ ግን፣ እግዜር ያውቃል፣ ከልቤ ነው የተሳሳትኩት።