ክቡር ከፋፋይና ሰማንያ ሦስቱ

እሰይ! ሰማንያ ሦስት ገባ! ሰማንያ ሦስት ከመቶ! ደስታው የማን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ትንፋሼን ልሰብስብ።

ማንኪያ በማንኪያ ቦታ፣ ሹካ በሹካ ቦታ ካልተኛ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው የሌለበት ቤት በዓለም ላይ የለም። የእኛ ክፍል ሰውዬ ግን ይብሳል፤ የሻይ ማንኪያዎቹን "አማሳይ" እና "ለኪ" ብሎ ለሁለት ለያይቷቸዋል። ክቡር ከፋፋይ እንለዋለን።

ሥራችን ጽሑፍ እያነበብን ስሞች ላይ ምልክት ማድረግ ነው፦ ሰው፣ ቦታ፣ ድርጅት፣ ሌላ። ኮምፒውተር ከእኛ ይማራል። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ አስተማሪ ሆንኩ ማለት ነው! መመሪያውን የሚጽፈው እሱ ነው። ስቀጠር አራት ገጽ ነበር፤ ዛሬ ስድሳ አንድ ነው። "ቦታ" የሚለውን ብቻ "የሚኖሩበት"፣ "የሚያልፉበት" እና "ፈርሶም የሚጠራ" አድርጎታል።

"ጋሼ፣ ሌላ ውስጥ ክተተውና እንገላገል" ስለው፣

"እህቴ፣ ሌላ ማለት የሰነፍ ጓዳ ነው!" ይላል። በቀን አሥር ጊዜ ይላታል።

አንድ ቀን ሚስቱ ደወለችልኝ። "እባክሽ ምከሪልኝ። እናቴ ገና ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ፣ 'እማማ፣ ጎብኚ ነዎት ወይስ ነዋሪ?' አላቸው!"

"ምን አሉት?"

"'እንደ አያያዝህ' አሉት።"

እሱ "ሌላ" ውስጥ ያለ ርኅራኄ የወረወረው እንስሳትን ብቻ ነው። "ስም ቢኖረውም እንስሳ ሌላ ነው" ብሎ ገጽ አርባ ላይ በቀይ አሰመረበት።

ባለፈው ሳምንት አለቃችን ጠራችን። "አንድ ጽሑፍ ሁለታችሁም ለየብቻችሁ ትሠራላችሁ። የሁለታችሁ ምልክት ቢያንስ ሰማንያ ከመቶ እርስ በርሱ ካልገጠመ መመሪያው ይጣላል፣ ክፍሉም ይዘጋል።" እሱ ምድር ቤት ወርዶ ፋይል ሊያራግፍ፣ እኔ ቤቴ ልገባ! ከስድሳ አልፈን ደግሞ አናውቅም።

ጽሑፉን ገለጥኩት። ጌታው ከሞተ በኋላ በየቀኑ በሩ ላይ ቆሞ ስለሚጠብቅ ኮከብ ስለሚባል ውሻ ነው። ስሙ ሃያ ሦስት ጊዜ ይጠራል። ገጽ አርባን በቃሌ አውቀዋለሁ። እጄ ወደ "ሌላ" ሄደ፤ ተመለሰ። "ሰው" አልኩት። ሃያ ሦስቱንም። እሱ ከገጽ አርባ ንቅንቅ አይልም፤ በገዛ እጄ ክፍሉን ዘጋሁት ብዬ አፍንጫዬን እየጠረግኩ ወጣሁ።

ዛሬ ጠዋት አለቃችን ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። "ሁለታችሁም ተሳስታችኋል!"

"ሁለታችንም?"

"እሱም እንዳንቺ ውሻውን ሃያ ሦስቱንም ጊዜ ሰው ብሎታል። ራሱ ባወጣው ሕግ ላይ! ምን ላድርግ፣ ፈተናው መግጠማችሁን እንጂ ትክክል መሆናችሁን አይለካም። ሰማንያ ሦስት። አልፋችኋል።"

ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ። ለአማቱ ያልተመለሰ ሰውዬ፣ ለአንድ ውሻ ሲል ገጽ አርባን ረገጠው! ለብቻው፣ ማንም ሳያየው፣ ክፍሉ እንደሚዘጋ እያሰበ። እኔ ደግሞ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ነው ስል ኖሬያለሁ።

እሱ ገና አልሰማም፤ ጥርስ ሊያስነቅል ሄዷል። ሲሰማ "ሰው የሚጠብቅ እንስሳ" የሚል አዲስ ምድብ ይከፍትና ስድሳ ሁለተኛ ገጽ ይጨምራል። ይጨምር! አሁን ግን አፉን ከፍቶ ተቀምጧል፤ መከራከር አይችልም። ሳይዘጋው ልድረስበት፣ ታክሲዬ መጣ!